ከአንድ ሰርቨር ማሻሻያ ሲሰራጭ፦ ኮምፒውተሮች ከኮንሶሉ ላይ ለምን ይጠፋሉ?

ይህ ጽሑፍ የደብልዩሰስ (የዊንዶውስ ማሻሻያዎችን ለቢሮ ኮምፒውተሮች የሚያድለውን) ሰርቨር ተክሎ፣ አድራሻውን በግሩፕ ፖሊሲ (ኮምፒውተሮቹን ሁሉ ከአንድ ቦታ በሚያዝዘው ደንብ) አስተላልፎ፣ ሥራው ግን አልሄድ ላለው ባለሙያ ነው። ኬብሉን ያላየ መጀመሪያ ያንን አይቶ ይምጣ።

ምልክት፦ ስህተት 80244022፤ ኮንሶሉም (ሰርቨሩ የሚተዳደርበት መስኮት) አልከፈት ይላል። የደብልዩሰስ ፑል፣ ማለትም በአይአይኤስ (በዊንዶውስ የድረ ገጽ ሰርቨር) ላይ የሚሮጠው ክፍሉ፣ የተፈቀደለትን ማህደረ ትውስታ ጨርሶ ቆሟል። ሲጫን የሚሰጠው ጣሪያ 1.8 ጊጋባይት ገደማ ስለሆነ ከአይአይኤስ ገብታችሁ ከፍ አድርጉት፤ በአዲስ የተተኩትን አሮጌ ማሻሻያዎችም ውድቅ አድርጉ። የድራይቨሮችን ምድብ የመረጠ ሰው፣ ማሻሻያው ስለሚበዛ፣ ይህን መከራ በገዛ እጁ ጠርቶታል።

ምልክት፦ መብራት ሄዶ በመጣ ማግስት አንዳንዶቹ ፖሊሲ አይቀበሉም። ሰዓታቸውን እዩ። ከዶሜይኑ (ኮምፒውተሮቹ በጋራ ከሚተዳደሩበት ማዕከል) ሰዓት ከ5 ደቂቃ በላይ ከራቁ ከርቤሮስ፣ የመግቢያ ማረጋገጫው፣ አያስገባቸውም። ሰዓቱን የሚይዘውን የማዘርቦርዱን 2032 ባትሪ ቀይሩ።

ምልክት፦ የአጋሮ ቅርንጫፍ ጠዋት ጠዋት መስመሩ ይጨናነቃል። በግሩፕ ፖሊሲ የቢትስን (ማሻሻያውን ከጀርባ የሚያወርደውን አገልግሎት) ፍጥነት በሥራ ሰዓት ገድቡ።

ምልክት፦ ሠላሳ ኮምፒውተር አለ፤ ኮንሶሉ የሚያሳየው ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ነው።

ጅማ ውስጥ ከሄርማታ መርካቶ ሱቆች እስከ ኮሌጅ ላብራቶሪዎች ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ ይኸኛው ነው። ጠዋት «ሒሳብ 04» ተብሎ የተመዘገበው ከሰዓት በኋላ «መዝገብ ቤት 02» ሆኖ ይገኛል። አንዱ ሲመጣ ሌላው ይሰወራል። በአንድ የቡና ነጋዴ ቢሮ ይህን ያየው ባለሙያ ሰርቨሩን ሁለት ጊዜ ከሥሩ ነቅሎ እንደገና ጭኖት ነበር። ሰርቨሩ ግን ምንም አልበደለም።

ምክንያቱ የተገለበጠ ሃርድ ዲስክ ነው። ሻጩ አንዱን ኮምፒውተር አሰናድቶ ሌሎቹን በዚያው ይገለብጣል። ሰርቨሩ ኮምፒውተሮችን የሚለየው በስማቸው ሳይሆን በሬጂስትሪ (በዊንዶውስ የቅንብር መዝገብ) ውስጥ ባለው «ሰስ ክላይንት አይዲ» በሚባል መለያ ነው፤ እሱም አብሮ ተገልብጧል። ስለዚህ ሰርቨሩ ከአንድ ዲስክ የተገለበጡትን ሁሉ እንደ አንድ ኮምፒውተር ይቆጥራቸዋል። አንዱን ሻጭ ብጠይቀው «ሁሉም አንድ ዓይነት እንዲሆኑ ብለን ነው» አለኝ። ሆነውለታል!

መፍትሄው፦ በየኮምፒውተሩ የዊንዶውስ አፕዴት ሰርቪስን አቁሙ። በሬጂስትሪ ከሎካል ማሺን ተነስታችሁ በሶፍትዌር፣ በማይክሮሶፍት፣ በዊንዶውስ እና በከረንት ቨርዥን አድርጋችሁ ወደ ዊንዶውስ አፕዴት ግቡ። «ሰስ ክላይንት አይዲ» እና «ሰስ ክላይንት አይዲ ቫሊዴሽን» የሚሉትን ሁለቱን ብቻ አጥፉ። ደግሜ እላለሁ፦ ሁለቱን ብቻ። ማኅደሩን እንዳለ የሚሰርዝ ሰው አይጠፋም። ከዚያ ሰርቪሱን አስነስታችሁ ከቅንብሮች ማሻሻያ እንዲፈልግ እዘዙት፤ አዲስ መለያ ይዞ ይመዘገባል።

ኮምፒውተሮቹ ብዙ ከሆኑ በስክሪፕት አሰራጩት፤ ነገር ግን ሥራውን አንድ ጊዜ ከፈጸመ በኋላ እንዳይደግመው ምልክት ያስቀምጥ። በአንድ ኮሌጅ ያለ ምልክት ተለቅቆ ኮምፒውተር በተነሳ ቁጥር አዲስ መለያ ይፈጥር ነበር፤ የኮንሶሉ ዘገባ በየቀኑ የተለየ ነገር ያወራል፣ ተማሪ ቤቱም ማንን ማመን እንዳለበት ግራ ገባው።

ለወደፊቱ ዋናውን ዲስክ ከመገልበጣችሁ በፊት በሲስፕሬፕ (ዊንዶውስን ለመገልበጥ በሚያዘጋጀው መሣሪያ) «ጀነራላይዝ» የሚለውን መርጣችሁ አጽዱት። መለያውን ማጥፋት የኮንሶሉን ችግር ብቻ ይፈታል፤ የተደገመው የደኅንነት መለያ፣ ማለትም ሲድ፣ እዚያው ይቀራል። እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2025 መጨረሻ ወዲህ በወጡ ማሻሻያዎች ዊንዶውስ 11 24ኤች2 ሲድ የተደገመባቸው ኮምፒውተሮች እርስ በርስ እንዳይገቡ ይከለክላል። የጋራ ፎልደር ድንገት «የይለፍ ቃል ተሳስቷል» ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው ነው፤ ዲስኩን በሲስፕሬፕ እንደገና ከማዘጋጀት ሌላ መንገድ አትፈልጉ።

ምልክት፦ ሰርቨሩ ራሱ እንግዳ ነገር ይሠራል። ፖርት 8530 ወይም 8531 ለኢንተርኔት ክፍት ከሆነ አሁኑኑ ዝጉት። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 በደብልዩሰስ ላይ ከሩቅ ያለ ይለፍ ቃል የሚያስገባ ክፍተት ተገኝቶ ማይክሮሶፍት አስቸኳይ ማስተካከያ አውጥቷል። ለሌሎች ማሻሻያ የሚያድለው ሰርቨር ራሱ ሳይታደስ የቆየበት ቢሮ አውቃለሁ።