ለጠበቃ የሚከፈል ሳይኖረን የፈቃድ ቅሬታችንን ያሰማንበት መንገድ

ሰፈራችን ደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ነው። አጠገባችን የብረታ ብረት ቤት ተከፈተና ሌሊቱን ሙሉ ብረት ይቆርጣል፣ ረከቦት ላይ ያሉት ሲኒዎች ሳይቀሩ ይንቀጠቀጣሉ፣ የእማማ አስም ደግሞ በጭሱ ባሰበት። ፈቃዱ ሊታደስ ነው ሲባል ተቃውሟችንን አስገባን። ፈቃድ የሚሰጠው ጽሕፈት ቤትም ሁለቱንም ወገን ለመስማት ቀጠሮ ሰጠ። ባለቤቱ ጠበቃ ይዟል። ለእኛ የተነገረን የጠበቃ ዋጋ ግን ሰፈሩ ሁሉ ቢያዋጣም የሚሞላ አይደለም።

መላው የተገኘው ዩኒቨርሲቲ ነው። የሕግ ትምህርት ቤቱ አቅም ለሌለው ሰው ነፃ የሕግ ድጋፍ ስለሚሰጥ፣ መክፈል እንደማንችል የሚገልጽ ደብዳቤ ከቀበሌ አጽፈን ሄድን። ባለሙያዋ የ1952ቱን ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1225 አወጣችልን፤ ባለንብረት ጎረቤቱን በጭስ፣ በጥላሸት፣ በመጥፎ ሽታ፣ በድምፅ ወይም በንዝረት ከልክ በላይ እንዳያውክ ይከለክላል። አቤቱታችን በዚህ ላይ ቆመ። ፎቶ ኮፒውንና ትራንስፖርቱን እድሩ ቻለልን፣ አላህ ይስጣቸው።

ነገሩ ፍርድ ቤት ቢደርስም መንገድ አለ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ አቅም የሌለው ሰው በደሃ ደንብ፣ ማለትም የዳኝነት ክፍያ ሳይከፍል፣ እንዲከስ ይፈቅዳል። ይህ የጠበቃ ክፍያን አይጨምርም፣ ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል።

ፈቃዱ ታደሰ፤ ግን በቀን ብቻ እንዲሠራ፣ መቁረጫውም ከግድግዳችን እንዲርቅ ተደረገ። እንደኛ የቸገራችሁ ካላችሁ የቀበሌውን ደብዳቤ ከቀጠሮው በፊት ቀደም ብላችሁ አውጡ፣ ወረፋው ረጅም ነው።