አንድ ምጣድ ሶስት ጥናት፦ የምህንድስና፣ የጤናና የአንትሮፖሎጂ ፔፐሮችን አብሮ እንዴት ማንበብ ይቻላል

ታናሽ እህቴ ባለፈው ደውላ "ጋሼ ኧረ ጉዴ ፈላ" አለችኝ። የመመረቂያ ፕሮፖዛሏ ርእስ የእንጀራ መጋገሪያ ጭስ ነው፣ 18 ፔፐር አውርዳለች፣ ግን እርስ በርስ አይግባቡም። አንዱ አዲሱ ምድጃ በጣም ጥሩ ነው ይላል፣ ሌላው የህፃናቱ ሳንባ ላይ ያመጣው ለውጥ የለም ይላል፣ ሶስተኛው ደግሞ ምድጃውን ትቶ ስለ አማትና ምራት ነው የሚያወራው። ሳቅኩባት፣ ምክንያቱም እኔም እዛው ጭቃ ውስጥ ገብቼ ነው የወጣሁት።

አዲስ አበባ ላይ ሶስቱም ሙያዎች ቅርብ ለቅርብ ናቸው፣ ምህንድስናው 5 ኪሎ፣ አንትሮፖሎጂው 6 ኪሎ፣ ጤናው ጥቁር አንበሳ። ከ6 ኪሎ ወደ 5 ኪሎ በእግር ነው የሚወረደው፣ ግን አንዱ የጻፈውን ሌላው ሲያነብ ያየሁት ስንት ጊዜ ነው ብትሉኝ በጣት የሚቆጠር ነው። ስለዚህ ለእህቴ ያልኳትን እዚህ ልጻፈው፣ ተማሪ ላልሆነም ሰው ይጠቅማል።

1. መጀመሪያ እቃ ያዙ፣ ርእስ አትያዙ

"የቤት ውስጥ አየር ብክለት" ብላችሁ ጎግል ስኮላር ላይ ብትፈልጉ ጎርፍ ነው የሚመጣባችሁ። "ምጣድ" በሉ። ምጣድ ስትሉ ነገሩ ወዲያው መሬት ይይዛል፣ ወደ 60 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ሸክላ ነው፣ እንጀራ በደንብ እንዲወጣለት ወደ 200 ዲግሪ አካባቢ መሞቅ አለበት፣ የኤሌክትሪኩ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ይጎትታል፣ ማለትም 2 ሰአት ብትጋግሩ 7 ወይ 8 ኪሎዋት ሰአት ቆጣሪው ላይ ሄደ ማለት ነው (ሰፈሩ ሁሉ ቅዳሜ ጠዋት ሲጋግር መብራቱ ለምን እንደሚደክም አሁን ገባችሁ)። በሌላ ርእስም ያው ነው፣ ስለ ውሃ ከሆነ ጀሪካኑን ያዙ፣ ስለ እግር በሽታ ከሆነ ጫማውን ያዙ። ሶስቱም ሙያ የሚነካው አንድ እቃ ካልተገኘ ፔፐሮቹን ጎን ለጎን ማስቀመጥ አይቻልም።

2. "ምን ለካችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ

ትልቁ ነገር እዚህ ጋ ነው፣ አብስትራክቱን (የፔፐሩን መግቢያ ማጠቃለያ) ከማመናችሁ በፊት የተለካው ምን እንደሆነ ፈልጉና አስምሩበት።

መሃንዲሱ የሚለካው ማገዶ ነው። ስንት ኪሎ እንጨት ነደደ፣ ምን ያህሉ ሙቀት ምጣዱ ጋ ደረሰ፣ ምን ያህሉ በጎን አመለጠ። በጣም የተለመደው ሙከራ ውሃ ማፍላት ነው፣ ላብራቶሪ ውስጥ ድስት ጥዶ ውሃ ማፍላት። ለድስት ምድጃ ጥሩ ነው፣ ለምጣድ ግን ምን ያደርጋል? ምጣድ ላይ ውሃ አይፈላም! ስለዚህ ምጣድን በውሃ የፈተነ ፔፐር ካገኛችሁ ቀስ በሉ፣ እውነተኛ ሊጥ አፍስሶ በኪሎ እንጀራ ስንት እንጨት ሄደ የሚለውን ቁጥር የሰጠ ይሻላል። ምርጥ ምድጃ የሚባለው ከሲሚንቶና ከፑሚስ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) የሚሰራው፣ ከሶስት ጉልቻ አንፃር ማገዶ እስከ ግማሽ ይቀንሳል ሲባል በዚህ አይነት ንፅፅር ነው።

የጤናው ሰው ግን ማገዶው አያሳስበውም፣ የሚለካው ሰው የሚተነፍሰውን ነው። ከ2.5 ማይክሮን ያነሰ ብናኝ አለ፣ ከፀጉር በብዙ እጥፍ የቀጠነ፣ እሱ ነው ሳንባ ውስጥ ጠልቆ የሚገባው። የአለም ጤና ድርጅት በ2021 (እዚህ ያሉት አመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ባወጣው መመሪያ በ24 ሰአት አማካይ ከ15 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ እንዳይበልጥ ይላል። አሁን አስቡት፣ ማገዶ በግማሽ ቀነሰ ማለት ጭሱ ከዚህ በታች ወረደ ማለት አይደለም፣ ከብዙ መቶ ወደ ግማሹ ቢወርድም አሁንም ከመመሪያው በላይ ብዙ እጥፍ ነው። "ጥሩ ነው" እና "ለውጥ የለም" ያሉት ሁለቱ ፔፐሮች ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፣ የለኩት ለየቅል ነው።

አንትሮፖሎጂስቱ ደግሞ ሚዛንም ሴንሰርም ላይኖረው ይችላል። ቁጭ ብሎ ያያል። እሱ ጋ ጥያቄው "ይሄ ምድጃ እዚህ ቤት ውስጥ ምንድነው?" የሚል ነው።

የኔን ልንገራችሁ። የመጨረሻ አመት ፕሮጀክቴ የኤሌክትሪክ ምጣድ ማሻሻል ነበር፣ ከስር የሙቀት መከላከያ ሞላሁበት፣ ሸክላውን አሳሳሁት፣ ቶሎ ይሞቃል፣ ቁጥሩ ያምራል፣ ደስ ብሎኝ አክስቴ ጋ ይዤ ሄድኩ። እሷ ምጣዱን በጎመን ዘር አሟሸችው፣ ሊጡን አዙራ አፈሰሰች፣ አክንባሎውን ከደነች፣ ስትከፍተው ጠርዙ አይን አውጥቷል መሃሉ ድፍን ነው። "ልጄ ይሄ እንጀራ ሳይሆን ቂጣ ነው" አለችኝ። የሽቦው አቀማመጥ ሙቀቱን እኩል አላከፋፈለውም ነበር። እኔ አማካይ ሙቀት ነው የለካሁት፣ እሷ የምትለካው አይን ነው፣ ያንን በቴርሞሜትር ማየት ይቻል ነበር ግን ማንም እንድለካው አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

3. የጤናውን ቁጥር ስታነቡ ቅንፉን አትዝለሉ

ጓቲማላ ደጋው ላይ የተሰራ አንድ ታዋቂ ሙከራ አለ፣ በ2011 ላንሴት የሚባለው የህክምና ጆርናል ላይ የወጣ። 534 ቤተሰብ በእጣ ለሁለት ተከፈለ፣ ግማሹ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ተሰጠው ግማሹ በድሮው እሳት ቀጠለ፣ ከዛ የህፃናቱ የሳንባ ምች ተቆጠረ። ሀኪም ያረጋገጠው የሳንባ ምች ላይ የተገኘው ቁጥር 0.84 ነው፣ ማለትም በ16 ፐርሰንት ያነሰ፣ ግን ቅንፉ ውስጥ ከ0.63 እስከ 1.13 ይላል፣ እውነተኛው ቁጥር በዚህ መሃል የትም ሊሆን ይችላል ለማለት ነው። 1 ማለት ምንም ልዩነት የለም ነው፣ ቅንፉ 1ን አቅፎ ካለፈ "ቀነሰ" ብሎ መፎከር አይቻልም። ከባድ የሆነው፣ ኦክስጅን የሚያሳጣው አይነት ግን በግልፅ ቀንሷል፣ 0.67። እና ይሄ ሙከራ ሰራ ነው አልሰራም? ሰራ ብሎ የሚጠቅስም አልሰራም ብሎ የሚጠቅስም ሰው አይቻለሁ፣ እያንዳንዱ የሚፈልገውን መስመር ብቻ ቆርጦ። እናንተ ሁለቱንም ጻፉ።

4. "ሌላ ምን ይነድዳል?" በሉ

ማላዊ ደግሞ ከ10,000 በላይ ህፃናት የተካተቱበት ሙከራ ተደረገ፣ ውጤቱ በ2017 ወጣ፣ ማራገቢያ ያለው ዘመናዊ የእንጨት ምድጃ ለቤተሰቦቹ ተሰጠ፣ የሳንባ ምች ላይ ልዩነት አልተገኘም። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም የሚባለው እዚህ ጋ በቁሙ ደረሰ ማለት ነው። ግን ምድጃው መጥፎ ስለሆነ ነው ብላችሁ አትዝጉት፣ ሰው አዲስ ምድጃ ሲያገኝ አሮጌውን አይጥልም፣ ሁለቱንም ይጠቀማል፣ ከዛ ደግሞ ቆሻሻ የሚቃጠል አለ፣ የጎረቤት ጭስ አለ። የኛም ቤት ያው ነው እኮ፣ እንጀራው በኤሌክትሪክ፣ ወጡ በከሰል፣ መብራት ሲጠፋ ሁሉም በእንጨት። አንዱን ብቻ የቆጠረ ጥናት የቤቱን ጭስ አልቆጠረም።

5. አንትሮፖሎጂውን በሳምፕል ብዛት አትዳኙት

የኛ የምህንድስና ልጆች እዚህ ጋ ነው የምንሳሳተው፣ "12 ቤት ብቻ? ይሄ ጥናት ነው?" እንላለን። ታዋቂው አንትሮፖሎጂስት ማሊኖቭስኪ በአንደኛው የአለም ጦርነት ጊዜ ትሮብሪያንድ ደሴቶች ላይ ድንኳን ተክሎ፣ ቋንቋውን ተምሮ ከሰው ጋር ሲኖር ጥንካሬው የሰው ብዛት አልነበረም፣ ቆይታው ነው። ስለዚህ ሌላ ነገር ፈትሹ። ስንት ጊዜ ቆየ? በየትኛው ቋንቋ አወራ፣ አስተርጓሚው ማን ነበር? ወንድ ከሆነ ማድቤት እንዴት ገባ፣ ወይስ ሳሎን ቁጭ ብሎ አባወራውን ነው የጠየቀው? ይሄን በግልፅ የማይነግራችሁ ፔፐር ካለ እጠፉት።

ጥሩው ግን መሃንዲሱ ያላሰበውን ይነግራችኋል። ደጋ ላይ እሳቱ ማሞቂያም ነው፣ የሳር ጣራውን የሚያቆየው፣ ነፍሳቱንም የሚያባርረው ጭሱ ነው፣ እና ጭሱን ስታስወግዱ ሌላ ስራ እየፈጠራችሁ ነው። አማትና ምራት ያለው ፔፐርም እህቴ እንደመሰላት ከርእስ የወጣ አልነበረም፣ ምድጃ ለመቀየር የሚወስነው ማን ነው፣ ብሩን የያዘውስ፣ ጭሱን የምትስበውስ ማናት የሚለውን ነው የሚጠይቀው። ሶስቱም አንድ ሰው አይደሉም።

6. አንድ ገፅ ላይ አስቀምጡት

ደብተር ውሰዱና ለእያንዳንዱ ፔፐር አንድ መስመር፣ ምን ለካ፣ የት፣ ስንት ጊዜ፣ ምን ሳይለካ ቀረ። የመጨረሻዋ ዓምድ ናት ርእስ የምትሰጣችሁ፣ ሌላውን ቶሎ ቶሎ ሙሉት።

የሀገር ውስጡን ለመፈለግ፣ ለምህንድስና "ዘዴ" የሚባለው ጆርናል አለ፣ ለጤና የኢትዮጵያ ጤና ልማት ጆርናል፣ ለባህሉና ለማህበረሰቡ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የሚያሳትመው ጆርናል፣ ተቋሙ በ1963 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲመሰረት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ፣ ቤተመፃህፍቱ 6 ኪሎ ነው። የስነ ህዝብና ጤና ዳሰሳውም (የ2016ቱን ጨምሮ) ቤተሰብ በምን እንደሚያበስል ይዟል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መመረቂያ ጽሁፎች ኦንላይን አሉ፣ ፒዲኤፍ ናቸው፣ ብዙ ሰው አያያቸውም።

እህቴ የመጨረሻዋን ዓምድ ሞልታ ስታይ 18ቱም ውስጥ አንድም ሰው አይን አልለካም፣ ጭስና ማገዶ እንጂ እንጀራው እንዴት ወጣ የሚል የለም። ጥያቄዋ አሁን "አዲሱ ምድጃ የገባበት ቤት ሶስቱ ጉልቻ ሳይነሳ የሚቀረው እንጀራው አይን ስለማያወጣ ነው ወይ?" የሚል ሆኗል። ቅዳሜ አክስቴ ጋ ሄዳ ልትቀመጥ ነው፣ የእንጨት ሚዛንና ቴርሞሜትር ይዛ፣ አክስቴ ደግሞ "ከመጣች ሊጡን ታቡካ" ብላለች።