ሳይቀመስ የሚሠራ የፋሲካ ዶሮ ወጥ

የፋሲካ ዶሮ ወጥ ከሌላ ጊዜው የሚለየው በቅመሙ ብዛት ሳይሆን የሚሠራው ሰው ሊቀምሰው ባለመቻሉ ነው። የ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም የሚፈታው እሑድ ሌሊት ከቅዳሴ በኋላ ሲሆን ወጡ ግን ቀዳም ሥዑር ዕለት ተሠርቶ ማለቅ አለበት፤ ስለዚህ ቅቤና ሥጋ የገባበትን ድስት የሚያማስል ጾመኛ ጨው በዛ ወይም አነሰ ብሎ በምላሱ ሊፈርድ አይችልም። የማይጾም ልጅ ጠርቶ ማስቀመስ የቆየ ዘዴ ነው፤ ሆኖም የስድስት ዓመት ልጅ «ያቃጥላል» ከማለት ያለፈ አስተያየት ሲሰጥ አልሰማሁም።

መፍትሔው ሥራውን ለሁለት መክፈል ነው። ቁሌቱ፣ ማለትም ሽንኩርቱ፣ ዘይቱ፣ በርበሬውና ነጭ ሽንኩርቱ፣ የጾም ምግብ ስለሆነ በሰሞነ ሕማማት ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ተሠርቶ በጾም መፍቻ ሰዓት ያለ ችግር ሊቀመስ ይችላል። ሐሙስ ጉልባኑ አለ፤ ዐርብ ደግሞ ቀኑ በስግደት ያልፋል። በዚህ አካሄድ ለቅዳሜ የሚተርፈው ዶሮው፣ ቅቤውና ዕንቁላሉ ብቻ ነው፤ በምላስ መፈረድ ያለበት ነገር ሁሉ አስቀድሞ ተፈርዶበታል ማለት ነው።

ልኩ

መካከለኛ መጠን ላለው አንድ ዶሮ ሁለት ኪሎ ተኩል ቀይ ሽንኩርት፣ ከ150 እስከ 200 ግራም በርበሬ፣ ሁለት የቡና ስኒ ዘይት፣ ሩብ ኪሎ ንጥር ቅቤ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ነጭ ሽንኩርት፣ ግማሽ የሾርባ ማንኪያ ዝንጅብል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ መከለሻ፣ ሦስት ወይም አራት ሎሚ፣ ጨውና በእንግዳው ቁጥር ልክ ዕንቁላል ያስፈልጋል። የሽንኩርቱ ብዛት ለጀማሪ የተሳሳተ ሊመስለው ይችላል፤ ነገር ግን ወጡን የሚያወፍረው ሌላ ነገር ስለሌለ ሽንኩርት ላይ መቆጠብ የሚያስከትለው የቀላ ውኃ ነው።

ሽንኩርቱ ትንንሽና ጠንካራ የሆነው ቀይ ሽንኩርት ቢሆን ይመረጣል። ውጭ አገር ያሉ ወገኖች በየሱቁ የሚያገኙት ትልቁና ቢጫው ሽንኩርት ውኃው የበዛ፣ ጣዕሙም ወደ ስኳርነት የሚያደላ ስለሆነ ወጡን ጣፋጭ ያደርገዋል፤ እዚያም ቢሆን ቀዩን መፈለግ ይሻላል።

ቁሌቱ

ሽንኩርቱን በቢላ በደቃቁ መክተፍ አሰልቺ ቢሆንም አቋራጩ ብዙ ያስከፍላል። በብሌንደር የተፈጨ ሽንኩርት ውኃውን በአንድ ጊዜ ስለሚለቅ ጭማቂ ይሆናል፤ ያ ጭማቂ እስኪመጥ የሚፈጀው ጊዜ በመክተፍ ከተረፈው ጊዜ ይበልጣል፣ ሽታውም ቶሎ አይለቅም። ጊዜ ያጠረው ሰው እየነካ እየለቀቀ የሚያስከትፍ የኤሌክትሪክ መክተፊያ ቢጠቀም አልቃወምም፤ ሽንኩርቱ ሊጥ ከመምሰሉ በፊት ማቆም ግን የግድ ነው።

ድስቱ ሰፊና ታችው ወፍራም መሆን አለበት። ስስ የአሉሚኒየም ድስት ለሹሮ ይበቃ ይሆናል፣ ለዚህ ሥራ ግን መሐሉን እያሳረረ ዳሩን ጥሬ ይተወዋል። ሸክላ ድስት ሙቀቱን እኩል ስለሚይዝ ከሁሉም የተሻለ ነው። ማማሰያውም ጫፉ ጠፍጠፍ ያለ እንጨት ቢሆን የድስቱን ወለል በደንብ ለመፋቅ ይረዳል።

የተከተፈው ሽንኩርት ዘይትም ውኃም ሳይገባበት በመካከለኛ እሳት ላይ ይጣዳል። ከሽንኩርት ክብደት ወደ ዘጠና በመቶ የሚጠጋው ውኃ ስለሆነ በራሱ ውኃ መብሰል ይችላል። ዘይት ቀድሞ ከገባ የሽንኩርቱ ዳር ይጠበሳል፤ የተጠበሰ ሽንኩርት ደግሞ ምን ያህል ቢንተከተክ ሙሉ በሙሉ አይሟሟም፣ በእንጀራ ላይም ቁርጥራጩ ለየብቻው ይታያል። ቁሌት ማለት ሽንኩርቱ ቅርጹን አጥቶ አንድ አካል የሆነበት ነው።

የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ቀላል ነው፤ አልፎ አልፎ ማማሰል ይበቃል። ችግሩ የሚጀምረው የሽንኩርቱ ውኃ ሲመጥ ነው። ድምፁ ከመንተክተክ ወደ መንጫጫት ይለወጣል፣ ከድስቱ ወለል ላይም ቡናማ ነገር መያዝ ይጀምራል። ከዚህ በኋላ ምድጃውን ትቶ መሄድ አይቻልም። በያዘው ቦታ ላይ ከሁለት ማንኪያ ያልበለጠ የፈላ ውኃ ጠብ ተደርጎ ወለሉ ይፋቃል፣ ይማሰላል፣ እንደገና ሲይዝ እንደገና ጠብ ይደረጋል። ቡናማው ነገር ያረረ ሳይሆን የሽንኩርቱ ስኳር ነው፤ ተፍቆ ወደ ሽንኩርቱ ሲመለስ ቀለምም ጣዕምም ይሆናል። በአንድ ጊዜ አንድ ብርጭቆ ውኃ መገልበጥ ግን ሽንኩርቱን ወደ መቀቀል ስለሚመልሰው የተደከመበትን ያበላሻል።

መብቃቱን የሚናገሩ ሦስት ምልክቶች አሉ፣ አንዳቸውም መቅመስን አይጠይቁም። አንደኛው ሽታ ነው፤ ዓይን የሚያስለቅሰው ኃይለኛ ሽታ ጠፍቶ ጣፋጭ ሽታ መተካት አለበት። ሁለተኛው ቀለም ነው፤ ሐምራዊው ነጣ ብሎ፣ ከዚያም ወደ ወርቃማ ቡናማ ይሄዳል። ሦስተኛውና እኔ ይበልጥ የምተማመንበት ማማሰያውን በድስቱ ወለል ላይ ቀጥ አድርጎ መጎተት ነው፤ የተከፈተው መንገድ ውኃ ሳይሞላው ለጥቂት ጊዜ ክፍት ሆኖ ከቆየ ሽንኩርቱ በቅቷል። ለሁለት ኪሎ ተኩል ሽንኩርት ይህ ሁሉ ከአንድ ሰዓት ቢያልፍ እንጂ አያንስም። በኤሌክትሪክ ምድጃ ደግሞ ይብስበታል፤ መብራት መሐል ላይ ቢጠፋ እንኳ ሽንኩርቱ ስለማይበላሽ ሲመጣ ካቆመበት መቀጠል ይቻላል፣ አለበለዚያ ከሰል ማያያዝ ነው።

አሁን ዘይቱ ይገባና ለአሥር ደቂቃ ያህል ይቁላላል። ከዚያ በርበሬው ይከተላል፤ ብዙ ወጥ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ደረቅ በርበሬ በጋለ ዘይት ላይ ሲበተን በሰከንዶች ውስጥ ሊያር ይችላል። ስለዚህ እሳቱ ቀድሞ ይቀንሳል፣ በርበሬውም ለብ ባለ ውኃ ተበጥብጦ ይጨመራል። የበርበሬ ቀለምና የማቃጠል ኃይሉ የሚሟሟው በቅባት እንጂ በውኃ ስላልሆነ ዘይቱን ሳይቆጥቡ፣ ውኃውን ግን እየቆጠቡ ጠብ በማድረግ ቢያንስ ለ45 ደቂቃ በዝግታ ማቁላላት ያስፈልጋል። ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ በዚሁ መሐል ይገባሉ።

ያልበሰለ በርበሬ ያስነጥሳል፣ ጉሮሮም ይይዛል። የበሰለው ቀለሙ ከደማቅ ቀይ ወደ ጠቆር ያለ ቀይ ይሄዳል፣ ዘይቱም ከድስቱ ዳር ተለይቶ ይወጣል። ቤቱን የሚከነክን ጭስ ከተነሣና ቀለሙ ወደ ጥቁር ቡናማ ከዞረ ግን አሯል ማለት ነው፤ ምሬቱን ስኳርም ሆነ ቅቤ አይሸፍነውም። በዚህ ጊዜ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት መጣል ቢያሳዝንም ዶሮውንም ጨምሮ ከማጣት ይሻላል። ቁሌቱን በማክሰኞ የመሥራት ሌላው ጥቅም ይኸው ነው፣ እንደገና ለመጀመር ጊዜ አለ። የቲማቲም ድልህ ጨምሮ ቀለሙን ለማሳመር የሚሞክሩ አሉ፤ ውጤቱ ቀይ ወጥ እንጂ ዶሮ ወጥ አይሆንም።

በመጨረሻ ከአፉ የተስተካከለ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው ይጨመራል። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው የገባበት ከሆነ ግማሹ ብቻ ተጨምሮ መጠበቅ ይሻላል። ጾም ሲፈታ በቁራሽ እንጀራ ይቀመስ፤ ብቻውን ሲበላ ጨውና በርበሬው ጎላ ብሎ መሰማት አለበት፣ ምክንያቱም ገና ዶሮ፣ ቅቤና ውኃ ይገቡበታል። የቀዘቀዘው ቁሌት በተከደነ ዕቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ እስከ ቅዳሜ ይቆያል። ገና በሥራ ቀን ለሚውልባቸው የውጭ አገር ነዋሪዎችም ዘዴው ይሠራል፤ ቁሌቱ በዕረፍት ቀን ተሠርቶ በረዶ ቤት ቢገባ ለታኅሣሥ 28 ምሽት የሚቀረው ሥራ ጥቂት ነው። የአፓርታማው የጭስ ማስጠንቀቂያ ጎረቤት እንዳያስነሣ መስኮት ከፍቶ መሥራት እዚያ ግድ ነው።

ቅዳሜ

ዶሮውን ማረድ፣ በፈላ ውኃ ነክሮ ላባውን መንጨትና በእሳት ለብለብ ማድረግ የታወቀ ነው። ቆዳው ይገፈፋል፣ ስቡም ይወጣል። ብልቱ ዐሥራ ሁለት ነው፤ አከፋፈሉ ከቤት ቤት ጥቂት ቢለያይም ሁለት ታፋ፣ ሁለት እግር፣ ሁለት ክንፍ፣ ሁለት መላላጫ፣ አንገት፣ ፈረሰኛና ለሁለት የሚከፈል ጀርባ ብሎ መቁጠር ይቻላል። ቢላው አጥንት እንዳይሰብር መገጣጠሚያውን በጣት ፈልጎ እዚያው ላይ ማስገባት ያስፈልጋል፤ የተሰበረ አጥንት ስንጥሩ ወጥ ውስጥ ይቀራል።

ብልቱ ውኃው ጥርት እስኪል ይታጠብና በሎሚና በጥቂት ጨው ለግማሽ ሰዓት ይዘፈዘፋል፤ ከዚያ ታጥቦ በደንብ ይንጠፈጠፋል። የዘፈዘፉበት ዕቃ፣ መክተፊያውና የውኃ መውረጃው ሰላጣም ሆነ እንጀራ ከመነካቱ በፊት በሳሙና ሊታጠቡ ይገባል፤ ጥሬ ዶሮ የሚያመጣው የሆድ ሕመም በዓል አይመርጥም።

ቁሌቱ በቀስታ ይሞቃል፣ ንጥር ቅቤው ይገባል፣ ለሩብ ሰዓት አብሮ ይንተከተካል። ቅቤውን ከመጀመሪያው ካልጨመሩ ወጡ አይጣፍጥም የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፤ የጥሩ ንጥር ቅቤ መዓዛ ግን ብዙ ሰዓት እሳት ላይ ሲቆይ ስለሚደክም ዘግይቶ መግባቱ አይጎዳውም ባይ ነኝ። ከዚያ ቁሌቱን ላላ የሚያደርግ ጥቂት የፈላ ውኃ ተጨምሮ መጀመሪያ ታፋው፣ እግሩ፣ አንገቱና ጀርባው፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ደግሞ ቀሪው ይገባል፤ ሁሉም እኩል ከገቡ መላላጫው ደርቆ ታፋው ገና ይሆናል። ዶሮው ራሱ ውኃ ስለሚለቅ በዚህ ሰዓት ውኃ መደጋገም አያስፈልግም።

የሐበሻ ዶሮ፣ በተለይ ያረጀ አውራ ከሆነ፣ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈልጋል። የፈረንጅ ዶሮ ግን በ40 ደቂቃ ውስጥ ይበስላል፤ ከዚያ በላይ ከቆየ ሥጋው ከአጥንቱ እየተለየ ይበታተናል፣ በትሪ ላይ የሚቀርበውም የዶሮ ፍርፋሪ ይሆናል። ሥጋው መለስለስ ከጀመረ ወዲህ ማማሰያውን አስቀምጦ ድስቱን በጆሮው ይዞ መወዝወዝ ይመረጣል። መብሰሉን ለማወቅ የታፋው መገጣጠሚያ በቢላ ጫፍ ይከፈት፤ የሚወጣው ፈሳሽ ቀይ መሆን የለበትም። መከለሻው የሚገባው በመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ነው።

ዕንቁላሉ ለዐሥር ደቂቃ ተቀቅሎ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይገባና ይላጣል። ነጩን ብቻ የሚነካ ሦስት አራት ስንጥቅ ቢደረግበት ወጡ ይገባበታል፤ ስንጥቁ ጠልቆ አስኳሉ ከተነካ ግን ሲሞቅ ይፈርሳል። ድስቱ ከወረደ በኋላ መጨመር ይበቃዋል።

ሌሊት

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት የወረደ ወጥ ከቤተ ክርስቲያን እስከሚመለሱ፣ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ስድስት ሰዓት ይቆያል። የበሰለ ሥጋ ከሁለት ሰዓት በላይ በክፍል ሙቀት ባይቆይ ጥሩ ስለሆነ ድስቱን ቀዝቃዛ ውኃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አቀዝቅዞ ማቀዝቀዣ ማስገባት፣ ማቀዝቀዣ ከሌለም ሥራውን አዘግይቶ ወደ ቅዳሴ ሊወጡ ሲሉ ማውረድ ይመከራል። ሲመለሱ ወጡ በዝግታ እሳት ዳር ዳሩ ብቻ ሳይሆን መሐሉም እስኪንተከተክ ይሙቅ።

የመጀመሪያው እውነተኛ ቅምሻ አሁን ነው። ጨው ካነሰው በጥቂት የፈላ ውኃ የሟሟ ጨው ጨምሮ አንድ ሁለት ደቂቃ ማንተክተክ ያስተካክለዋል፤ የበዛበትን ግን በዚያ ሌሊት የሚመልሰው ነገር ስለሌለ ቅዳሜ ዕለት እጅን መሰብሰብ ያስፈልጋል። ቅቤው ከላይ የሰፈፈ ወጥ ለመልክ ያማረ ነው፤ ሆኖም ሁለት ወር ገደማ ቅባት ላልለመደ ሆድ ከላዩ በጭልፋ ገፈፍ አድርጎ ማቅረቡ ደግነት ነው። የተገፈፈውን አስቀምጦ እሑድ ከሰዓት ለእንቁላል ፍርፍር ቢጠቀሙበት የሚበልጠው የለም።

የተረፈው ወጥ በማቀዝቀዣ ሦስት ወይም አራት ቀን ይቆያል። በረዶ ቤት የሚገባ ከሆነ ዕንቁላሉን አስቀድሞ አውጥቶ መብላት ይገባል፣ ነጩ ሲቀዘቅዝና ሲቀልጥ ጎማ ይሆናልና።