የናፍጣ መኪና ሲሞቅባችሁ፦ ቴስታታ ከማስወረዳችሁ በፊት

የናፍጣ መኪና በሞቀ ቁጥር የመጀመሪያው ፍርድ «ጓርኒሲዮኑ (ከቴስታታው ስር ያለው ማሸጊያ) ተቃጥሏል» ነው። እኔም አንድ ጊዜ አምኜ ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) አስወርጃለሁ። ጥፋቱ ግን የራዲያተሩ ክዳን ነበር። ስለዚህ ከቀላሉና ከርካሹ ጀምሩ።

ከመፍታታችሁ በፊት አንድ ነገር አስታውሱ፤ መኪናው የሚሞቀው መቼ ነው? ቆሞ ወይም እየተንፏቀቀ ሲሄድ ሞቆ፣ ፍጥነት ሲያገኝ የሚበርድ ከሆነ የጎደለው አየር ነው፤ ቬንትሌተሩን (ማራገቢያውን) ጠርጥሩ። ቆሞ ሰላም ሆኖ ዳገት ወይም ጭነት ሲያገኝ የሚሞቅ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ውሃው እንደልብ እየዞረ አይደለም፤ ራዲያተሩን፣ ቴርሞስታቱን (ውሃው ሲሞቅ ተከፍቶ ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈውን ቫልቭ) እና የውሃ ፓምፑን እዩ። የናፍጣ ሞተር በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ቆሞ) ሲሰራ ብዙ ሙቀት አያወጣም። ስለዚህ ቆሞም ቶሎ የሚፈላ ከሆነ ነገሩ ከበድ ይላል፣ አትንዱት።

ፍተሻው ሞተሩ በርዶ ሳለ ይጀመር። ሞቆ እያለ ክዳኑን በጭራሽ አትክፈቱ፤ ውስጡ ታፍኖ የቆየው ውሃ ክዳኑ እንደላላ ፈልቶ ፊታችሁ ላይ ይመጣል።

ክዳኑ ራሱ የተናቀ እቃ ነው። 1 ባር አካባቢ ግፊት ከያዘ፣ ንጹህ ውሃ እንኳ እስከ 120 ዲግሪ አካባቢ ድረስ አይፈላም። ጎማው ከደረቀ ግን ግፊቱ ያመልጥና ውሃው በ100 ዲግሪ፣ ደጋ ላይም ከዚያ በታች ይፈላል፤ ሌላው ሁሉ ደህና ሆኖ ማለት ነው። ሞተሩ ሲበርድ የራዲያተሩ የላይኛው ቱቦ ወደ ውስጥ ተጣብቆ ካገኛችሁትም የክዳኑን ቫልቭ ጠርጥሩ።

ቴርሞስታት በአብዛኛው ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ባለው መካከል ይከፈታል። ሞተሩን ከቅዝቃዜ አስነስታችሁ የላይኛውን ቱቦ ዳብሱት፣ እጃችሁን ከቺንጋ (ከሞተሩ ቀበቶ) እና ከቬንትሌተር አርቃችሁ። ለተወሰነ ጊዜ ብርድ ሆኖ ቆይቶ ድንገት መሞቅ አለበት። የሙቀት ጌጁ እየወጣ ቱቦው ብርድ ከሆነ ተዘግቶ ቀርቷል ወይም ውስጡ አየር ታፍኗል። ከመጀመሪያው ቀስ እያለ የሚሞቅ ከሆነ ተከፍቶ ቀርቷል፤ ሞተሩ ሙቀቱ ላይ አይደርስም፣ ናፍጣም ይበላል። (ቴርሞስታቱ በታችኛው ቱቦ በኩል የሆነባቸው ሞተሮች አሉ፤ እዚያ ይህ ዘዴ አይሰራም።) አውጥቶ መጣል መፍትሄ ነው የሚሏችሁን አትስሙ። አውጥታችሁ ውሃ ውስጥ በቴርሞሜትር አፍሉት፤ ላዩ ላይ በተጻፈው ቁጥር አካባቢ መከፈት ካልጀመረ ቀይሩት።

ቬንትሌተሩ በቺንጋ የሚዞርና ቪስኮስ (ሲሞቅ ቬንትሌተሩን አጥብቆ የሚይዝ ክላች) ያለው ከሆነ፣ በደንብ ሞቆ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ በእጅ ግፉት። ያለ ምንም ተቃውሞ ደጋግሞ የሚሽከረከር ከሆነ ቪስኮሱ አልቋል። የኤሌክትሪኩን ግን ሞቆ ሳለ አትንኩት፣ ሞተሩ ጠፍቶም በራሱ ሊነሳ ይችላል።

በራዲያተሩና ከፊቱ ባለው የኤሲ ኮንደንሰር መሀል በባትሪ እዩ፤ ከፊት ንጹህ መስሎ መሀሉ በአቧራ የተደፈነ ብዙ ነው። ፓምፑ ስር ኩላንት (የራዲያተር ውሃ) ፈስሶ የደረቀበት መስመር ካለ የፓምፑ ማሸጊያ (ሲል) ሊያልቅ ነው።

ስለ ጌጁም ልንገራችሁ። ውሃው ጨርሶ ሲያልቅ ሴንሰሩ የሚነካው አየር ስለሚሆን ቀስቱ ዝቅ ሊል ይችላል። «በረደ» ብሎ የነዳ ሰው ሞተር ነው የሚያቃጥለው።

ይሄ ሁሉ ደህና ከሆነ ነው ወደ ጓርኒሲዮን የሚኬደው። በብርድ ስታስነሱት፣ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ቱቦ እንደ ድንጋይ ከጠጠረ፣ ወይም የውሃው መጠባበቂያ ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ ከወጣ፣ የሲሊንደር ግፊት ወደ ውሃው እየገባ ነው። የናፍጣ ሞተር ከቤንዚን ሞተር ይልቅ አየሩን በጣም ስለሚያምቅ ምልክቱ ቶሎ ይታያል።

ውሃ ግን ከጠፋ፣ የትም ካልፈሰሰ፣ ቱቦው ካልጠጠረ፣ ዘይቱም ካልነጣ፣ የኢጂአር ኩለሩን (ወደ ሞተሩ የሚመለሰውን ጭስ በውሃ የሚያቀዘቅዘውን እቃ) አስፈትሹ። ሲቀደድ ውሃውን ወደ ሞተሩ ያስገባና ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ ያስወጣል፤ ዓይን የሚያቃጥል፣ ናፍጣ ናፍጣ የሚል ነጭ ጭስ ከሆነ ግን ያልተቃጠለ ናፍጣ ነውና ኖዝሎቹን (ናፍጣውን የሚረጩትን) እዩ። ኩለሩ ለብቻው ወጥቶ በግፊት ይፈተሻል። ቴስታታ ማውረድ አያስፈልግም።