ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ወላጅ የሚሳሳተው፦ ከፎቶ ኮፒ ቤት ባንኮኒ የታየ

ደሴ ውስጥ ትንሽ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ቤት አለችኝ። የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ ከንጋት ጀምሮ ሰልፍ ነው። ምደባ ሲወጣ ደግሞ ሐረጎን ወጥቶ ከኮምቦልቻ የሚመጣም አለ። ሰው ይለያያል፣ ስህተቱ ግን በየዓመቱ ያው ነው። ዘንድሮ መረረኝና ጻፍኩት።

ስም። ወሎ ውስጥ መሐመድ የሌለበት ሰፈር ፈልጋችሁ አታገኙም። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ግን እንደ ጸሐፊው ነው። ባለፈው አንድ ልጅ ሦስት ወረቀት ዘረጋልኝ። የ8ኛ ክፍል ካርዱ ላይ የአባቱ ስም በ«ኦ» ተጽፏል፣ ትራንስክሪፕቱ ላይ በ«ዩ»። ፋይዳው ላይ ደግሞ አንዷ «ኤም» የለችም። «ያው መሐመድ ነው እኮ!» አሉኝ አባትየው። ለእኔና ለእርስዎማ ያው ነው ሐጂ፤ ለኮምፒዩተሩ ሦስት ሰው ነው። ይሄ የሚስተካከለው ልጁ 9ኛ ክፍል ሳለ ነው። ዩኒቨርሲቲው ጠርቶ ሦስት ቀን ሲቀረው አይደለም።

ወረቀቱንም በአንድ ፌስታል ብቻ አታስቀምጡ። አንድ ኮፒ ሌላ ቤት ይኑር። በ2014ቱ ጦርነት ከቤቱ ሸሽቶ የተመለሰ ሰው ይሄን ሳልነግረው ያውቀዋል።

«ልጄማ ያልፋል» ብሎ አንድ መንገድ ብቻ ማሰብ። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ነገሩ ተለውጧል። በ2014 እና በ2015 ከመቶ ተፈታኝ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 4 እንኳ አልሞላም። በ2017 ነው ከ8 ያለፈው። ስለዚህ ቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ሬሜዲያል፣ ማለትም ላላለፉት የሚሰጠው የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ቢደርሰውስ? ወይዘሮ ስህን ወይም ኮምቦልቻ ፖሊቴክኒክ ገብቶ ሙያ ቢማርስ? ቴክኒክና ሙያን የወደቀ ልጅ መጣያ አድርጎ የሚያወራ ወላጅ ሱቄ ሲመጣ፣ እውነቱን ለመናገር ኮፒውን ቀስ ብዬ ነው የማወጣለት።

ፈቃድ ሳይጠይቁ የግል ኮሌጅ መክፈል። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ሰኞ ገበያ በርበሬ የሚሸጡ አንዲት እናት ልጃቸውን አካውንቲንግ አስመዘገቡ። በየሴሚስተሩ ደረሰኙን ኮፒ ሊያስደርጉ ይመጣሉ። ብሩን የሚያወጡት ከመቀነታቸው ነው፣ በርበሬው ኖቱ ላይ ስላለ እያስነጠሰኝ እቆጥራለሁ። አራት ዓመት። የመውጫ ፈተና ምዝገባ ሲደርስ የልጅቷ ስም የለም። ኮሌጁ ለሌላ ትምህርት ፈቃድ አለው፣ እሷ ለተማረችው ደሴ ላይ የለውም። የሚመለስ ብር የለም፣ የሚመለስ አራት ዓመትም የለም።

ወገን፣ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም አይደለም! ለእያንዳንዱ የትምህርት መስክ፣ ለእያንዳንዱ ካምፓስ ለየብቻ ነው። የአዲስ አበባው ቅርንጫፍ ተፈቅዶለታል ማለት የደሴው ተፈቅዶለታል ማለት አይደለም። መደበኛ፣ ማታና ርቀትም ለየብቻቸው ነው የሚታዩት። ግድግዳ ላይ በፍሬም የተሰቀለ ወረቀት አይታችሁ «ሕጋዊ ነው» አትበሉ። ጠጋ ብላችሁ አንብቡ፦ የትኛው ትምህርት? የት ከተማ? እስከ መቼ? ከዚያም ራሱን ባለሥልጣኑን ጠይቁ። «እየታደሰ ነው» ካሏችሁ፣ ታድሶ ሲያልቅ እንመለሳለን ብላችሁ ውጡ። ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና ሳያልፉ ዲግሪ የለም፣ በመንግሥትም በግልም። 12ኛን ያላለፈ ልጅ ይዛችሁ ሄዳችሁ «እኛ ዲግሪ እናስገባዋለን» የሚላችሁ ካለማ ሩጡ።

እኔም ከጥፋቱ ነፃ አይደለሁም። እነዚያን ደረሰኞች ሁሉ ኮፒ ያደረግኩት እኔ ነኝ። አንድ ቀን እንኳ «እትዬ፣ ፈቃዱን አይተውታል?» አላልኩም። አሁን የኮሌጅ ደረሰኝ ይዞ የመጣን ሁሉ እጠይቃለሁ። ምን አገባህ ያለኝም አለ።

«መንግሥት ነው የሚያስተምረው» ማለት። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነፃ አይደለም፣ ዱቤ ነው። ልጁ በየዓመቱ የሚፈርመው ኮስት ሼሪንግ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ይጠየቃል። የፈረመበትን ኮፒ ይያዝ። ነን ካፌ ሆኖ፣ የግቢውን ምግብ ትቶ በእጁ የሚቀበለው ብርም እዚያው ሂሳብ ውስጥ ነው።

ቁጠባ። ለመጀመሪያ ልጄ አንደኛ ክፍል ሳለ ደብተር ከፈትኩ። ኮራሁ። የቁጠባ ወለድ ዝቅተኛው 7 በመቶ ነው፣ ገበያው ግን በዓመት ከ30 በመቶ በላይ ሲወደድም አይተናል። ለላፕቶፕ ይበቃል ያልኩት ብር ሲደርስ ለደህና ስልክም ተንገዳገደ። ወለድ አልባ የከፈተው ጎረቤቴም አልተሻለም። ሌላው ጎረቤቴ ገጠር ዘመድ ዘንድ በግ አረባ፣ የሳቀው እሱ ነው። እቁብ የምትጥሉ ደግሞ ዳኛውን ከወዲሁ አናግሩ፤ ዕጣው ልጁ በሚሄድበት ወር እንዲደርሳችሁ።

የሴሚስተሩን ብር ባንዴ መስጠት። አታድርጉት። ልጄ የአራት ወሩን በሦስት ሳምንት ጨረሰውና «አባዬ፣ ደህና ነህ?» ብሎ ደወለ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ከዚያ ወዲህ በየ15 ቀኑ በቴሌብር ነው።

ማስታወቂያውን ሳያነቡ ዕቃ መግዛት። የሚጠየቀው እዚያው ተጽፏል፦ ዋናው ወረቀትና ኮፒው፣ ጉርድ ፎቶ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ ብርድ ልብስ። ግን የተመደበበትንም አገር እዩ። የደሴን ብርድ የለመዱ አንዲት እናት ለልጃቸው ያን ወፍራሙን፣ ባለአንበሳውን ብርድ ልብስ ገዙ። ልጁ የደረሰው ሰመራ ነው። ተሸክሞት በባቲ፣ በሚሌ አድርጎ ወረደ። አሁን ስልክ ሲደወል «ብርድ ልብሱስ?» ይሉታል። ይተኛበታል፣ ከላይ ሳይሆን ከሥር።