ፎቶው እናንተ ጋ ያምራል፤ ጎብኚው ጋስ? ዌብሳይት ላይ ምስል ስናስገባ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የዌብሳይት መሥሪያ ሶፍትዌር ላይ ምስል ማስገባት የደቂቃ ሥራ ነው። ኢንሰርት፣ ኢሜጅ፣ ፋይሉን መምረጥ፣ አለቀ። ድሪምዊቨርም ይሁን ወርድፕረስ መንገዱ ያው ነው። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እናንተ ገጹን የምታዩት በራሳችሁ ኮምፒውተር፣ ፋይሉ እዚያው ፎልደር ውስጥ ተቀምጦ ነው። ጎብኚው ግን በስልኩ፣ በዳታ፣ ምናልባትም ታክሲ ውስጥ ሆኖ ነው የሚከፍተው። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ከመርሳት የሚመጡ ናቸው።

ጥጉን ይዞ መጎተትን ማሳነስ ነው ብሎ ማሰብ

ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት።

ባለ 12 ሜጋፒክስል የስልክ ካሜራ የሚያነሳው ፎቶ 4000 በ3000 ፒክስል ገደማ ነው። ክብደቱም 3 ወይም 4 ሜጋባይት ይሆናል። ገጹ ላይ ስታስገቡት ከስክሪኑ ያልፋል። ስለዚህ ጥጉን ይዛችሁ ወደ ውስጥ ትጎትቱታላችሁ፤ 400 ፒክስል ስፋት ላይ ሲደርስ ትለቁታላችሁ። ልክ የሆነ ይመስላል። ግን የተቀየረው ኮዱ ውስጥ ያለው የስፋትና የቁመት ቁጥር ብቻ ነው። ፋይሉ ያው 4 ሜጋባይቱ ነው። የጎብኚው ስልክ ሙሉውን አውርዶ፣ ራሱ አሳንሶ ያሳየዋል። ሒሳቡን እንሥራው፦ 4000 በ3000 ማለት 12 ሚሊዮን ፒክስል ነው፤ 400 በ300 ደግሞ 120 ሺህ። ጎብኚው ካወረደው ውስጥ የሚያየው መቶኛውን እጅ ብቻ ነው።

አንድ ምግብ ቤት አሥር የምግብ ፎቶ እንዲህ አድርጎ ሜኑው ላይ ቢደረድር ገጹ 40 ሜጋባይት ይሞላል። የክትፎ ዋጋ ለማየት 40 ሜጋባይት! ሰው ዳታ በጥቅል እየገዛ በሚጠቀምበት አገር ይሄ ደንበኛን በር ላይ መመለስ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ፎቶውን ገጹ ላይ ከማስገባታችሁ በፊት በትክክል አሳንሱት። ፎቶሾፕ ላይ «ኢሜጅ ሳይዝ»፣ በነጻ በሚገኘው ጂምፕ ላይ ደግሞ «ስኬል ኢሜጅ» የሚል አለ። ስፋቱን ፎቶው ከሚቀመጥበት ቦታ እጥፍ አድርጉት፤ ቦታው 400 ፒክስል ከሆነ 800 ይበቃል። እጥፍ የሚሆነው የዛሬ ስልኮች ስክሪን ፒክስሉ የጠበቀ ስለሆነ ነው። ከዚያ በጄፔግ፣ ጥራቱን 80 አካባቢ አድርጋችሁ ኤክስፖርት አድርጉት። በዓይን ልዩነቱን ለማወቅ ያስቸግራል፤ ፋይሉ ግን በሜጋባይት መቆጠሩ ቀርቶ በኪሎባይት ይሆናል።

ወርድፕረስ የምትጠቀሙ በዚህ በኩል ትንሽ ትድናላችሁ። በ2019 እ.ኤ.አ. ከወጣው 5.3 እትሙ ጀምሮ ከ2560 ፒክስል የሚበልጥን ፎቶ ራሱ ያሳንሰዋል፤ የተለያየ መጠን ያላቸው ቅጂዎችም ያዘጋጃል። ያም ቢሆን 2560 ፒክስል ለአንዲት ትንሽ የሠራተኛ ፎቶ በጣም ብዙ ነው።

በነገራችን ላይ፣ «ለዌብ 72 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚታተም ነጥብ) መሆን አለበት» የሚባለውን እርሱት። ያ ቁጥር ለኅትመት ነው። ብራውዘር የሚያየው ፒክስሉን ብቻ ነው።

ዋናውን ፋይል መቁረጥ፣ የተቆረጠው ደግሞ ጠፋ ብሎ ማመን

ድሪምዊቨር ውስጥ ፎቶ የሚቆረጥባትና ብርሃን የሚስተካከልባት ትንሽ መሣሪያ አለች። ምቹ ናት፤ ግን የምትሠራው ፎልደሩ ውስጥ ባለው በራሱ በፋይሉ ላይ ነው። ፎቶው ይለወጣል ብሎ ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ ማን አንብቦት! ሁላችንም ኦኬ ብለን እናልፋለን። ያው ፎቶ ሌላ ገጽ ላይም ካለ እዚያም ተቆርጦ ይገኛል። በዚያ ላይ ጄፔግ በተስተካከለና ሴቭ በተደረገ ቁጥር ጥራቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ዋናዎቹን ፎቶዎች ለብቻ ፎልደር አስቀምጡ፤ ቅጂውን እንደፈለጋችሁ አድርጉት።

ተቃራኒውም አለ፤ እሱ ደግሞ ይበልጥ ያስፈራል። ወርድፕረስ ውስጥ ፎቶ ክሮፕ ስታደርጉ አዲስ ፋይል ይፈጠራል፤ ያልተቆረጠው ግን ሰርቨሩ (ዌብሳይቱ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር) ላይ እንዳለ ይቆያል። አድራሻውን የገመተ ሊከፍተው ይችላል። የመኪና ታርጋ፣ የመታወቂያ ቁጥር ወይም የልጅ ፊት ለመደበቅ ብላችሁ ከቆረጣችሁ ሥራውን ኮምፒውተራችሁ ላይ ጨርሱና የተቆረጠውን ብቻ ጫኑ። የስልክ ፎቶ ውስጥ ደግሞ የተነሳበት ቦታ በጂፒኤስ ተመዝግቦ ሊኖር ይችላል። ቤቱ ውስጥ ሆኖ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ሳያውቀው የቤቱን አድራሻ አብሮ ይሰጣል። ኤክስፖርት ስታደርጉ ይህን መረጃ አብሮ እንዳያስቀምጥ ምልክቱን አንሱት።

ፋይሉ ከኮምፒውተራችሁ ሳይወጣ «ጨርሻለሁ» ማለት

ከዴስክቶፕ ላይ ፎቶ ስታስገቡ ድሪምዊቨር «ፋይሉ ከሳይቱ ፎልደር ውጭ ነው፤ ልቅዳው ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ኖ ካላችሁት ኮዱ ውስጥ የሚጻፈው የእናንተው ሃርድ ዲስክ አድራሻ ነው። እናንተ ጋ ፎቶው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሌላው ሰው ጋ የተሰበረ ምልክት ብቻ። ምክንያቱን ለማወቅ የምስሉን አድራሻ ተመልከቱ፤ የድራይቭ ፊደል ወይም ዴስክቶፕ የሚል ካለበት ችግሩ እሱ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው የፋይል ስም ነገር ነው። ዊንዶውስ ለትልቅና ለትንሽ የላቲን ፊደል ግድ የለውም። አብዛኛው የዌብሳይት ሰርቨር ግን ሊኑክስ ነው፤ እሱ ሁለቱን እንደተለያዩ ስሞች ያያቸዋል። የካሜራ ፎቶ ብዙ ጊዜ መጨረሻው በትልልቅ ፊደል ነው የሚመጣው። ኮዱ ላይ በትንንሽ ከጻፋችሁት ቤት ይሠራል፤ ሲጫን ይጠፋል። በትንንሽ ፊደል ብቻ ሰይሙ፤ ክፍት ቦታ ሳትተዉ በሰረዝ አያይዙ። በአማርኛ መሰየምም ይቻላል፤ ግን ሊንኩ ሲገለበጥ እያንዳንዷ የአማርኛ ፊደል ዘጠኝ ምልክት ትሆናለች። «ቡና» ብቻዋን 18 ምልክት! ለገጹ ጽሑፍ አማርኛን አትለፉ፤ ለፋይል ስም ግን ላቲኑ ይቀላል።

ፎርማት

ለፎቶ ጄፔግ ወይም ዌብፒ። ለሎጎ ፒኤንጂ ወይም ኤስቪጂ። ጄፔግ ግልጽ የሆነ ጀርባ አያውቅም፤ አረንጓዴ ራስጌ ላይ ሎጎው በነጭ ሳጥን ተከቦ የሚታየው ለዚህ ነው። ፎቶን በፒኤንጂ ማስቀመጥ ደግሞ ክብደቱን እጅግ ያበዛዋል። አይፎን ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነባሪነት የሚያስቀምጠው ኤችኢአይሲ የተባለ ፎርማት አብዛኞቹ ብራውዘሮች ላይ አይከፈትም፤ ወደ ጄፔግ ቀይሩት። ሎጎውን ከማተሚያ ቤት ተቀብላችሁ ቀለሙ ተበላሽቶ ከታያችሁ ለኅትመት በሚሆነው የቀለም ዓይነት ተቀምጦ ይሆናል። ወደ አርጂቢ፣ ማለትም ለስክሪን ወደሚሆነው የቀለም ዓይነት፣ ሲቀየር ይስተካከላል።

ጽሑፍን ፎቶ ማድረግ

ይሄ ልማድ ከእኛ ዘንድ ምክንያት ነበረው። ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት የሚለዩበት የጋራ ሥርዓት) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በኋላም ፎንቱ የሌለው ኮምፒውተር አማርኛውን ባዶ ሳጥን አድርጎ ያሳይ ነበር። ሰዉ ጽሑፉን ወደ ምስል ቀይሮ ቢያስገባ አይፈረድበትም። ዛሬ ግን ኮምፒውተሩም ስልኩም አማርኛ ያነባል፤ ልማዱ ግን አልለቀቀንም። የሥራ ማስታወቂያው ማኅተም ተመትቶበት፣ ስካን ተደርጎ፣ እንዳለ ይለጠፋል።

ስልክ ላይ ምን እንደሚሆን ተመልከቱ። 1200 ፒክስል ስፋት ያለው ማስታወቂያ 360 ፒክስል ስክሪን ውስጥ ሲገባ 16 ፒክስል የነበረው ፊደል ከ5 በታች ይወርዳል። «ፀ»ን ከ«ጸ» መለየት ቀርቶ ቀኑን ማንበብ ያቅታል። የስልክ ቁጥሩን ነክቶ መደወል አይቻልም፤ አመልካቹ ሦስት ሦስቱን አሃዝ በቃሉ እየያዘ ወደ መደወያው ይመላለሳል። ኮፒ ማድረግም የለም። ስክሪን በሚያነብ ሶፍትዌር የሚጠቀም ዓይነ ሥውር ደግሞ «ምስል» የሚል ድምፅ ብቻ ሰምቶ ያልፋል። ማኅተሙ የግድ ከሆነ ስካኑን ከታች አድርጉት፤ ጽሑፉን ግን እንደ ጽሑፍ ጻፉት።

ለሌሎቹ ምስሎች «ኦልት» የሚለውን፣ ምስሉ በቃላት የሚገለጽበትን ሳጥን ሙሉ። «ፎቶ 1» አይደለም። «በእንጀራ ላይ የቀረበ የጾም በያይነቱ» በሉ። ኔትወርክ ደክሞ ፎቶው እምቢ ሲልም የሚታየው ይህ ጽሑፍ ነው። ለጌጥ ብቻ የገባ ከሆነ ባዶውን ተዉት።

ከተገኘበት ማንሳት

ደንበኛ ፎቶ የሚልከው በቴሌግራም ነው። እንደ ፎቶ ከላከው ተጨምቆ ይደርሳችኋል፤ «እንደ ፋይል ላክልኝ» በሉት። ጎግል ላይ ያገኙትን ማስገባት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ፎቶግራፍ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃ አለው። ፋይሉን ሳያወርዱ የሌላ ሰው ሳይት ላይ ያለውን ሊንክ መለጠፍም ዋስትና የለውም፤ ባለቤቱ ፎቶውን የቀየረ ቀን የእናንተ ገጽ ላይ ምን እንደሚወጣ አታውቁም።

ፎቶውን ቀይሮ ስሙን አለመቀየር

የዳይሬክተሩን ፎቶ በአዲስ ተካችሁ፤ በድሮው ስም ሴቭ አድርጋችሁ ጫናችሁ። ትንሽ ቆይቶ ደንበኛው ይደውላል፦ «ኧረ አልተቀየረም!» እናንተ ጋ ተቀይሯል። እሱ ጋ ግን ብራውዘሩ የድሮውን አስቀምጦ እሱኑ እያሳየው ነው። ኮምፒውተር ላይ ኮንትሮልና ኤፍ 5 ሲጫን ይታደሳል። ግን ስልክ ላይ እንዲህ ያለ ቁልፍ የለም፤ ጎብኚውን ሁሉ እየደወላችሁ ልታስረዱም አትችሉም። ስለዚህ አዲሱን ፋይል በአዲስ ስም ጫኑት፤ መጨረሻው ላይ 2 ብትጨምሩበት እንኳ ይበቃል።