በሶ ሳይሆን ኩኪስ እንዲደርስ

ልጄ ለትምህርት ሚኒሶታ፣ ሚኒያፖሊስ በሄደችበት ዓመት፣ እኔ ካለሁበት ከሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ የመጀመሪያውን የኩኪስ ካርቶን ላኩላት። በጫማ ካርቶን። የቅቤውን ኩኪስ፣ የአጃውን፣ ዳቦ ቆሎውን፣ ሁሉንም አንድ ላይ አጭቄ አርብ ከሰዓት ፖስታ ቤት ሰጠሁ። ማክሰኞ ማታ ደወለች።

«እማዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን በሶ ነው እንዴ የላክሽልኝ?»

የቅቤው ዱቄት ሆኗል። የአጃው ደርቋል። ዳቦ ቆሎው ደግሞ ለስልሶ እንደ ማስቲካ ይላመጣል። ፍርፋሪውን በወተት እየበጠበጠች በማንኪያ በላችው። ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የእኔ ነበር።

የሚገርመው፣ ነገሩን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀው ነበር። እናቴ ለመንገደኛ ስንቅ ስታዘጋጅ ዳቦ ቆሎውን ትኩሱን አትቋጥርም። ሰፌድ ላይ ዘርግታ ታሳድረዋለች። በሶና ዳቦ ቆሎ ለመንገድ የተመረጡት ደረቅ ስለሆኑ ነው። እርጥበት የሌለው ነገር ቶሎ አይበላሽም። ኩኪስም ስንቅ ነው፤ ሁለት ጠላት አለው፣ እርጥበትና መንገላታት።

ስለዚህ መጀመሪያ ማቀዝቀዝ። ኩኪስ ከኦቭን ሲወጣ ውስጡ ገና እንፋሎት አለ። ሞቅ እንዳለ ከታሸገ እንፋሎቱ ላስቲኩ ላይ ውኃ ሆኖ ተመልሶ ይንጠባጠብበታል። ከዚያ መለስለስ፣ ከዚያም ሻጋታ ነው። ዝርግ ሳህን ላይ አታቀዝቅዙት፣ ሥሩ ያልበዋል። ከሥር አየር የሚያስገባ የሽቦ መደርደሪያ ላይ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይቆይ። እጅ ሲነካው ቀዘቀዘ ማለት መሀሉ ቀዘቀዘ ማለት አይደለም።

ቀጥሎ መለየት። እኔን ጉድ የሠራኝ ይሄ ነው። ለስላሳና ደረቅ ኩኪስ አንድ ዕቃ ውስጥ ካደሩ፣ እርጥበቱ ከለስላሳው ወጥቶ ወደ ደረቁ ይሄዳል። ጠዋት ሁለቱም ጠባያቸውን ቀይረው ታገኟቸዋላችሁ። ሽታም እንደዚያው ይጋባል። በርበሬ ያለበት ዳቦ ቆሎና የቅቤ ኩኪስ ለየብቻ ካልታሸጉ፣ የቅቤው በርበሬ በርበሬ ይላል። ኮረሪማ የገባበትንም ብቻውን አድርጉት። እያንዳንዱ ዓይነት የራሱ ዚፕሎክ (አፉ ተጭኖ የሚዘጋ የላስቲክ) ከረጢት ይኑረው፤ አየሩን በእጃችሁ ተጫን ተጫን አድርጋችሁ አስወጡ።

ለስላሳው እንዳይደርቅ ከፈለጋችሁ ደግሞ ከረጢቱ ውስጥ ግማሽ ቁራጭ ነጭ ዳቦ ጨምሩ። በመሀል ስስ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት አድርጉ፣ ኩኪሱን እንዳይነካው። ኩኪሱ ውስጥ ያለው ስኳር እርጥበት ይስባል፤ የዳቦውን እርጥበት ቀስ እያለ ይወስዳል። ዳቦው ድርቅ ይላል፣ ኩኪሱ ልስልስ እንዳለ ይደርሳል። ተቀባዩ ዕለቱኑ ዳቦውን አውጥቶ ይጣለው፣ ከቆየ ይሻግታል። ሲጋገርም ከነጩ ስኳር ግማሹን በቡናማ ስኳር መተካት፣ ወይም ትንሽ ማር መጨመር እርጥበቱን ያቆየዋል። ማር የምጨምረው ለአጃው ነው።

ምን ይላካል የሚለው ላይ ብዙ አላስረዝምም። ክሬም የተቀባ፣ ጃም ከላይ የተደፋበት፣ ስስና ጠርዙ የሚሰበር፣ እነዚህን ቤት ብሉ። ወፈር ያለ የአጃ ኩኪስ፣ የዝንጅብል፣ የቅቤ፣ ዳቦ ቆሎ ይሄዳሉ። ለዐቢይ ጾም በዘይት የተጋገረ የጾም ኩኪስ እልካለሁ፤ እሱ ፍርፍር ስለሚል መጠቅለያውን ትንሽ ማብዛት ነው። ዘይቱ አዲስ ይሁን። የቆየ ዘይት መጀመሪያ ላይ ባይታወቅም ሳምንት ሲሞላው ይሸታል።

በበጋ ቸኮሌት አትላኩ። ቸኮሌት ከሰው ሰውነት ሙቀት ባነሰ፣ 34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀልጣል። በአሜሪካ የሐምሌ ፀሐይ ላይ የቆመ የፖስታ መኪና ውስጡ ከዚያ በላይ ነው። ቀልጦ ሲረጋ ነጭ ነጭ ይለብሳል፤ ሻጋታ ሳይሆን ወደ ላይ የወጣ ቅባቱ ነው፣ ግን ማን ያምናችኋል?

አሁን ማሸግ። ሁለት ሁለቱን ኩኪስ ጀርባ ለጀርባ፣ ዝርግ ዝርጉን ወገን አገናኝታችሁ በስስ ላስቲክ ጠቅልሉ። ጥንድ ሆኖ እንደ ነጠላው ቶሎ አይሰበርም። ከዚያ ቆርቆሮ ውስጥ በጠርዙ አቁማችሁ ደርድሩት። ቆርቆሮ ስል ያቺን ክርና መርፌ የሚቀመጥባትን ሰማያዊ የብስኩት ቆርቆሮ ማለቴ ነው። በየቤቱ አለች፣ ብስኩት ኖሮባት ግን ማንም አያውቅም። ክሩን አውጡና እጠቧት። ቆርቆሮውን ከእሱ ሰፋ ባለ ካርቶን ውስጥ አስገቡት፤ ከሥር፣ ከጎንም ከላይም የተጨማደደ ወረቀት ጠቅጥቁ። ፈንዲሻ የሚሞሉ ሰዎች አሉ። እኔ አልወደውም፣ ይፈረፈራል፣ ቦታውም ይለቃል። ካርቶኑን ዘግታችሁ ጆሯችሁ ጋ ነቅንቁት። ኳ ካለ ገና አልሞላም።

ጊዜ ካላችሁ የታሸገውን ኩኪስ ሁለት ቀን ፍሪዘር ውስጥ አሳድራችሁ፣ ከፍሪዘር በቀጥታ ወደ ካርቶኑ አስገቡት። መንገድ ላይ በራሱ ጊዜ ይቀልጣል። ቀልጦ ሳያልቅ ግን አይከፈት፤ ላቡ ከላስቲኩ ውጪ ይቅር።

አሜሪካ ውስጥ ለምትልኩ፣ ፖስታ ቤት በነፃ የሚሰጠው ፕራዮሪቲ ሜይል ፍላት ሬት ሳጥን አለ። እስከ 70 ፓውንድ ድረስ ዋጋው በሳጥኑ መጠን እንጂ በክብደቱ አይደለም፤ ስለዚህ ከባድ የሆነውን ዳቦ ቆሎ በእሱ ነው የምልከው። ብዙውን ጊዜ በሁለት ሦስት ቀን ይደርሳል። ሰኞ ወይም ማክሰኞ ስጡ፤ አርብ የሰጣችሁት እሑድን የሆነ መጋዘን ውስጥ ሊያሳልፍ ይችላል። ተማሪ ከሆነ የምትልኩለት የዕረፍት ሳምንቱን ጠይቁት። ወደ አገር ቤት ግን በፖስታ አልልክም፣ ሰው ሲሄድ ነው።

ሚኒሶታ ክረምቱ የጉድ ነው። ካርቶኑ ከበረዶ ገብቶ ወዲያው ከተከፈተ የቤቱ ሙቅ አየር ኩኪሱን ያረጥበዋል። ሳይከፈት ጥቂት ሰዓት ቤት ውስጥ ይቆይ። ደረቁ ኩኪስ ለስልሶ ከደረሰም ተስፋ አለው፦ በ300 ዲግሪ ፋራናይት ኦቭን አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ ማቀዝቀዝ። ሲቀዘቅዝ ነው መልሶ የሚደርቀው፣ ትኩሱን ቀምሳችሁ አትማረሩ።

ባለፈው ወር የላኩት አንድም ሳይሰበር ደረሰ። ፎቶ ላከችልኝ። ቆርቆሮውን መልሺልኝ ብላት ምን አለች?

«ክር አስቀመጥኩበት።»